ዋጋው በራሱ ውስጥ ያለ ትምህርት

በዛሬው የሥነ ልቡና ዝግጅታችን አንድ ጥያቄ እናነሳለን። ሰው ደመወዝ ሳይጨመርለት፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ከባድ ነገር ለመማር የሚነሳው ለምንድን ነው?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የጎንደርና የአካባቢዋ አብነት ትምህርት ቤቶች አሉልን። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ቅኔ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ባለ2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ያ ሲገራለት ወደ ባለ3 ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ ባለ8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ብቻውን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የሌላውንም የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ በየቀኑ አዲስ ፈተና ይጠብቀዋል።

«መሪጌታ ለመባል ነው እንጂ!» የሚል አድማጭ ይኖራል። እውነት ነው፣ ሹመትም እንጀራም አለበት። ነገር ግን በዜማ የተመረቀው ቅኔ ቤት፣ በቅኔ የተመረቀው አቋቋም ቤት፣ ከዚያም መጻሕፍት ቤት እየገባ ዕድሜውን በትምህርት የሚፈጅ ስንት አለ! ለአንድ ደብር አገልግሎት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ምርቃት ይበቃው ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩትን አለቃ ገብረ ሐናን እንውሰድ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው። እርሳቸው ግን የጎንደርን አቋቋም ከተካኑ በኋላ የጣናን ማዕበልና የሸንበቆውን መወዛወዝ እያዩ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። በትውፊት እንደሚነገረው የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን አልተቀበሏቸውም። እርሳቸውም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ዛሬም በልጁ ስም «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። የተካኑትን ይዘው መኖር ሲችሉ እንደገና ጀማሪ ሆኑ።

የሥነ ልቡና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ከባድ ነገርን ለራሱ ሲሉ በመሥራት የሚገኘውን ደስታ ለረጅም ዓመታት አጥንተውታል። ሥራው ከችሎታችን በታች ሲሆን ይሰለቸናል፣ እጅግ ሲበልጠን ያስፈራናል። ከችሎታችን ጥቂት ከፍ ሲል ግን ሐሳባችን ሁሉ እዚያው ላይ ያርፋል፤ ሰዓቱ መሄዱንም እንረሳለን። ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ የሚያወጣው መሰላል የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ወላጆች ደግሞ ይህን አድምጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። «ብትስሉ ሽልማት ታገኛላችሁ» የተባሉት፣ ሽልማታቸውን ከወሰዱ በኋላ በነጻ ሰዓታቸው ለሥዕል የሚሰጡት ጊዜ ቀነሰ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልጎደለም። ልጃችሁ ወዶ የሚሠራውን ነገር በብር አትግዙት። «ምኑ ከበደህ? እንዴትስ ተወጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ይበቃዋል።

ለእኛ ለአዋቂዎችስ? ምሳሌው እዚሁ ደጃችን ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በዚያ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ በእግሩ ይጓዛል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚሆነውን ራስ ዳሸንን ለመውጣትም ይነሳል። ከላይ የሚጠብቀው ሽልማት የለም። ጎንደር ተወልደን አድገን ደባርቅን አልፈን የማናውቅ ግን ብዙ ነን።

እንግዲህ አንድ ነገር ምረጡ። ክራር መምታት፣ የግዕዝ ንባብ፣ የእንጨት ሥራ፣ ተራራ መውጣት፣ የወደዳችሁት ይሁን። ከምትችሉት ጥቂት ከፍ ብላችሁ ጀምሩ፤ የሚያርማችሁ ሰው ፈልጉ፤ ሥራውንም ከገንዘብ ጋር ቶሎ አታያይዙት። ዕድሜዬ አልፏል አትበሉ፤ በአብነት ትምህርት ቤት ጎልማሳው ከልጅ እግሩ ጎን ተቀምጦ ይማራል። ለመማር የሚዘገይ የለም፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።