ደረሰኝ የሌላት ቀንጣሽ



የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በልውውጥ ፕሮግራሞቹ ተካፍለው የተመለሱ ባለሙያዎች አገራቸው ላይ ለሚሠሩት ፕሮጀክት አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጥበት ውድድር በ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሯል። ደግ ነገር ነው። እኛ ሒሳብ የምንይዝ ግን እንጠይቃለን፦ ገንዘቡ በርበሬ በረንዳ ይደርሳል ወይ?

የሆቴል አዳራሽ ደረሰኝ አለው፤ ባነርም አለው (ባነር የሌለው ሥልጠናማ አይተን አናውቅም)። ከውጭ የተመለሰችው ባለሙያ በርበሬን ከሻጋታ ስለመጠበቅ ስታሠለጥን፣ እርጥቡን ዛላ በጣቷ የምትለየው ቀንጣሽ አብራት ብታስተምር፣ አበሏ ደረሰኝ ስለሌለው ከበጀቱ ይሰረዛል።

ስለዚህ ስሟ፣ ቀኑና የጣት አሻራዋ ያለበት፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት የክፍያ ቅጽ በደረሰኝ ፋንታ እንዲያዝልን ደጋፊዎቻችንን እንጠይቃለን። ቅጹን አዘጋጅተናል፤ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ።