የመንገድ ሕግና የእኛ ልማድ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ መንገድ ደኅንነትና ስለ መኪና ሕግ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ለበዓል ቀን የሚሆን ርዕስ ነውን ብዬ አመንትቼ ነበር። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን በመሪ እንጀራ እንደምንበላ ስታስቡት ነገሩ የቤታችን ጉዳይ ነው። በኤርፖርቶቹ ታክሲ የሚነዱ፣ በስልክ እየተጠሩ ሰው የሚያመላልሱ፣ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ፣ ከኦክላንድ ወደብ በከባድ መኪና ጭነት የሚያወጡ፣ አውቶቡስ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። የማይነዳውም ቢሆን ይሻገራል።

ማኅበራችን ወገን ሲሞት ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ያዋጣል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለቀብር የምንሰባሰበውን ያህል፣ ቀብሩ እንዳይመጣ ብንሰባሰብ እንዴት መልካም ነበር! የዛሬው ንግግሬ ዓላማም ይኸው ነው። ዓመቶቹን ስጠራ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተዛወረችው በእኛ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በቀኝ መንዳት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፍሬቻ ማሳየት፣ ለዜብራ መቆም፣ ቀይ መብራት ማክበር እዚያም ሕግ ነው። ዋናው ልዩነት ሕጉ ወደ እኛ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። አገር ቤት ሕጉ ሰው ነው፤ ፊሽካ የሚነፋ፣ መንጃ ፈቃድ የሚቀበል፣ ታርጋ የሚፈታ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሾፌሩም ወርዶ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ይለምናል፤ አንዳንዴም ይማራል። እዚህ ግን ሕጉ በአብዛኛው ወረቀት ነው። በፖስታ ይመጣል፤ ቀን ተቆርጦለታል፤ ቀኑ ካለፈ ዕዳው ይጨምራል። ወረቀት ደግሞ አይለመንም።

ከፖሊስ ጋር ከምንገናኝበት ጊዜ ልጀምር። ከኋላችሁ የፖሊስ መብራት ሲበራ ፍሬቻ አሳይታችሁ ወደ ቀኝ ዳር ቁሙ። ከመኪና አትውረዱ። በእኛ ዘንድ ወርዶ ወደ ፖሊሱ መሄድ አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን ፖሊሱ እንደ ሥጋት ሊያየው ይችላል። እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፤ ጨለማ ከሆነ የውስጡን መብራት አብሩ፤ ወረቀት ከኪስ ወይም ከመሳቢያ ለማውጣት ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በካሊፎርንያ ሕግ፣ አስቸኳይ አደጋ ካልኖረ በቀር፣ ፖሊሱ ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት መናገር አለበት። ቲኬት ሲሰጣችሁ መፈረም ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ተከታትዬ እጨርሳለሁ ብሎ ቃል መግባት ነው። አልፈርምም ያለ ሰው ግን ሊታሰር ይችላል። ክርክሩ የሚደረገው ፍርድ ቤት እንጂ መንገድ ዳር አይደለም።

ቲኬቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው ብዙዎቻችን የምንጎዳው። ደብዳቤው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ወይም ገንዘቡ ስለሚያስደነግጥ፣ ከማቀዝቀዣው ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን መንገዱ ብዙ ነው። መክፈል ይቻላል፤ መከራከር ይቻላል፤ ለቀላል ጥፋት በ18 ወር አንድ ጊዜ የትራፊክ ትምህርት ቤት ገብቶ ነጥቡ ከኢንሹራንስ እንዲሰወር ማድረግ ይቻላል። ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ቅጣቱ እንዲቀነስለት ወይም በየወሩ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ቅጣት ባለመክፈል ብቻ መንጃ ፈቃድ አይታገድም። ነጥብ ግን ይቆጠራል፤ በ12 ወር 4፣ በ24 ወር 6፣ ወይም በ36 ወር 8 ነጥብ ያከማቸ ሰው መንጃ ፈቃዱ አደጋ ላይ ነው። ለሾፌር ደግሞ መንጃ ፈቃድ ማለት ማሳ ማለት ነው።

አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለዲ.ኤም.ቪ. አሳውቁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም በቤይ ብሪጅ፣ በሳን ማቴዮና በደምባርተን ድልድዮች ላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ከማርች 2020 ወዲህ ቀርቷል። ፋስትራክ ለሌለው ሰው ሒሳቡ የሚላከው በታርጋው አድራሻ ነው። አድራሻው የቀድሞው አፓርታማ ከሆነ ደብዳቤው አይደርስም፤ ባለመክፈሉ ቅጣት ይጨመራል፤ በመጨረሻም የመኪናው ዓመታዊ ምዝገባ ሊያዝ ይችላል።

መኪና ስንሸጥም እንዲሁ ነው። ለወገን እንሸጣለን፤ ሊብሬውን ፈርመን ቁልፉን እንሰጣለን፤ ተመራርቀን እንለያያለን። ሕጉ ግን ሻጩ በ5 ቀን ውስጥ መኪናውን መሸጡን ለዲ.ኤም.ቪ. እንዲያስታውቅ፣ ገዢውም በ10 ቀን ውስጥ ስሙን እንዲያዛውር ያዛል። የጭስ ምርመራ ወረቀት የሚያስፈልገው መኪና ከሆነ ማቅረብ የሻጩ ግዴታ ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ገዢው ድልድይ ተሻግሮ ባይከፍል ወይም አደጋ ቢያደርስ፣ የሚፈለገው በመዝገብ ያለው ባለቤት ነው። ወረቀት መጨረስ ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ወንድማማችነቱን ከጭቅጭቅ ማዳን ነው።

ስለ ኢንሹራንስ ጥቂት ልበል። ከ1967 ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረው የካሊፎርንያ ዝቅተኛ መድን በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ከፍ ብሏል። አሁን ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ነው። በ1996 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ መሠረት፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሾፌር ጥፋቱ የሌላው ሰው ቢሆን እንኳ ለሕመሙና ለሥቃዩ ካሣ መጠየቅ አይችልም። አደጋው ሰው ከጎዳ፣ ወይም የአንዱ ወገን የንብረት ጉዳት ከ1,000 ዶላር ካለፈ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን በ10 ቀን ውስጥ ለዲ.ኤም.ቪ. በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው። «በመካከላችን እንጨርሰው» ብሎ መለያየት ከዚህ ግዴታ አያድንም።

በአፕ ሰው ለሚያመላልሱ ወገኖች ደግሞ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህን ሥራ በሕግ ያስገባው የካሊፎርንያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በ2013 ነው። ተሳፋሪ ለማንሣት ጥሪ ከተቀበላችሁ ጀምሮ እስኪወርድ ድረስ የ1 ሚሊዮን ዶላር መድን አለ። አፑ በርቶ ጥሪ ስትጠብቁ ግን ሽፋኑ በጣም ያነሰ ነው፤ የግል ኢንሹራንሳችሁም በዚያ ሰዓት አላውቃችሁም ሊል ይችላል። ስለዚህ ኢንሹራንስ ስትገዙ ሥራችሁን አትደብቁ፤ ለዚህ ሥራ የሚጨመር ሽፋን መኖሩን ጠይቁ። በኖቬምበር 2020 ሕዝብ ያጸደቀው ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል። ኪራዩ ሲያስጨንቅ ከአንዱ አፕ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። አፑ ሁለት ይሁን እንጂ የሚደክመው ሰውነት አንድ ነው።

ስልክን በእጅ መያዝ ፈጽሞ ይቅር። በ2008 የተጀመረው ክልከላ በ2017 ጠንክሯል። በሳን ሆዜ የሚገኘው የ6ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በጁን 2025 እየነዱ ስልክ ይዞ ካርታ መመልከት ብቻውን ጥፋት መሆኑን ወስኗል። ስልኩ ከማስቀመጫው ላይ ይታሰር፤ የሚነካውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መጠጥን በሚመለከት የእኛ እንግዳ ተቀባይነት መልካም ቢሆንም መሻሻል የሚገባው ነገር አለ። በሠርጉ፣ በልደቱ «በሞቴ፣ አንድ ድገም» እንላለን። ሕጉ ለአዋቂ በደም ውስጥ 0.08 በመቶ የአልኮል መጠን ወሰን አድርጓል። ተሳፋሪ ለሚጭን ሾፌር ከጁላይ 2018 ጀምሮ 0.04፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት 0.01 ነው። ተይዞ ምርመራ እንቢ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። እግዱን ለመከራከር ለዲ.ኤም.ቪ. የማመልከቻው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ «በሞቴ» የምንለው ቃል በመንገድ ላይ እውነት እንዳይሆን፣ የሚነዳውን እንግዳ አናስገድደው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም እግረኛው ነው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች አሉን። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ መኪና አይነዱም፤ ማለዳ ወጥተው በእግራቸው ይሄዳሉ። የሚሄዱባቸውም መንገዶች ሰፊና ፈጣን ናቸው። በሳን ሆዜ ሞንተሬይ ሮድን፣ ተሊ ሮድን፣ ሰንተር ሮድንና ስቶሪ ሮድን ታውቋቸዋላችሁ። ሳን ሆዜ የመንገድ ሞትን ጨርሶ ለማጥፋት ዕቅድ ያወጣችው በ2015 ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተሳካላትም። የኦክላንድ ከተማ በ2018 ባደረገው ጥናት፣ ከጠቅላላው መንገድ 6 በመቶ በሚሆነው ላይ ለሞትና ለከባድ ጉዳት ከዳረጉት አደጋዎች 63 በመቶው ይደርሳሉ። ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድን ተመልከቱ። በኦገስት 2020 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መሥመር በመሐሉ ተከፈተ፤ ነገር ግን የቸኮሉ ሾፌሮች በዚያ መሥመር እየበረሩ ያልፋሉ። እግረኞችም ሞተዋል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ የሰው ሕይወት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። በሰዓት 35 ማይል የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እስኪቆም ድረስ 210 ጫማ ያህል ይፈልጋል፤ በ55 ማይል 400 ጫማ ይሆናል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ነውና፣ ከተጻፈው ወሰን በላይ የምትጨምሩት ጥቂት ማይል ለእናንተ አንድ ደቂቃ ነው፤ ለእግረኛው ግን ዕድሜ ነው። ሌላም ብዙዎቻችን የማናውቀው አለ፦ መንገዶች በሚገናኙበት ሥፍራ ዜብራ ባይቀባም ሕጉ እንደ ማቋረጫ ይቆጥረዋልና ሾፌር ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት አለበት። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮም ወደ ማቋረጫ በሚደረስበት በኩል በ20 ጫማ ውስጥ መኪና ማቆም ያስቀጣል፤ እግረኛውን ስለሚጋርድ ነው። በ2023 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለእግረኛም ከዜብራ ውጭ ሲሻገር፣ ግልጽ አደጋ ከሌለ፣ ቅጣቱን አንሥቶለታል። ይሁን እንጂ ለእናቶቻችን እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ፦ ሕጉ ቅጣቱን አነሣ እንጂ መኪናውን አላቆመም።

በዚያው በ2023 የጸደቀ ሌላ ሕግ ኦክላንድንና ሳን ሆዜን ጨምሮ ለ6 ከተሞች የፍጥነት ካሜራ እንዲያቆሙ ፈቅዷል። ከወሰኑ በ11 ማይል ያለፈ ሰው ከ50 ዶላር ጀምሮ ይቀጣል፤ ነጥብ ግን አይመዘገብበትም። ካሜራውም እንደ ወረቀቱ ነው፤ አይለመንም፤ ነገር ግን የማንንም መልክና አነጋገር አይለይም።

ስለ ልጆቻችንም አንርሳ። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ በቀር፣ በኋላ ወንበር በልጅ መቀመጫ ይታሠራል። ከ18 ዓመት በታች መንጃ ፈቃድ ያገኘ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ በእዚህ አገር አቆጣጠር ከ11 ፒ.ኤም. እስከ 5 ኤ.ኤም.፣ ብቻውን መንዳት፣ ወይም ያለ አዋቂ ጓደኞቹን መጫን አይፈቀድለትም። ልጁ «ሁሉም ያደርገዋል» ቢላችሁ፣ ሕጉን ከእሱ ቀድማችሁ እወቁ።

ወገኖቼ፣ ንግግሬን በሦስት ሐሳቦች ልደምድም። አንደኛ፣ ማኅበራችን በወር አንድ ቀን የወረቀት ቀን ይኑረው። እንግሊዝኛ የሚችሉ ልጆቻችን ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጡ፤ ቲኬት፣ የድልድይ ሒሳብ፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ሳያፍር ይዞ ይምጣ። ሁለተኛ፣ አረጋውያን የሚሻገሩባቸውን አስቸጋሪ ሥፍራዎች መዝግበን ለከተሞቹ እናመልክት፤ በኦክላንድም በሳን ሆዜም 311 ደውሎ የተፋቀ ዜብራ ወይም የተበላሸ መብራት ማስመዝገብ ይቻላል። አንድ ሰው ቢደውል ላይሰማ ይችላል፤ ሃምሳ ሰው ስለ አንድ ማቋረጫ ቢደውል ግን ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ከዛሬው በዓል ጀምሮ በግብዣዎቻችን ሁሉ ሳይጠጡ ሰው ወደ ቤት የሚያደርሱ ፈቃደኞች ይመደቡ።

ዛሬ ማታ ከዚህ ስንወጣ አንዳንዶቻችን በ880፣ አንዳንዶቻችን በ580 እንበተናለን። ቀበቷችሁን እሰሩ፤ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሁላችንም ሳንጎድል እዚሁ ያገናኘን።