መልስ የማይሰጥ ሕመምተኛ፦ ስለ ኮማና ስለ ውስጣዊ ሕይወት



በጽኑ ስለ ታመመ ሰው ስንናገር «ነፍሱን አያውቅም» እንላለን። አባባሉ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው ያየነው ነው፤ ተጠርቶ አልመለሰም፣ ተቆንጥጦ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ግን ከዚህ ተነሥተን የደመደምነው ነው፤ በውስጡ የሚያውቅ የለም ማለታችን ነው። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ይሆናል። ሕክምናው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ከባድ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዚያ መካከል ተቆሞ ነውና።

አስቀድመን ቃሉን እንለይ። ሐኪሞች ኮማ የሚሉት ሕመምተኛው ዐይኑን ከድኖ፣ በድምፅም ሆነ በሕመም የማይነቃበትን፣ የእንቅልፍና የንቃት መፈራረቅም የሌለበትን ሁኔታ ነው። ንቃትን የሚቀሰቅሰው የነርቭ መረብ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ሞሩዚና ማጉን እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳዩት ይህንን ነበር። መረቡ ሲጎዳ፣ ወይም ሁለቱም የአንጎል ክፍሎች በሰፊው ሲታወኩ ሰውየው ራሱን ይስታል። የመኪና አደጋ፣ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ ማጅራት ገትር፣ የደም ስኳር መውረድ፣ በእኛም ቆላማ አካባቢዎች አንጎልን የሚያጠቃው ወባ ወደዚያ ያደርሳሉ። እንዲህ ያለው ኮማ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የሚዘልቀው ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ያርፋል፣ ወይም ይነቃል፣ ወይም ደግሞ ዐይኑን እየገለጠ፣ ነገር ግን ለማንም ምላሽ ሳይሰጥ ይቆያል። ይህን የመጨረሻውን ሁኔታ ጄኔትና ፕላም እ.ኤ.አ. በ1972 የራሱን ስም ሰጥተው ከኮማ ለይተውታል። ፊልሞች ግን ሁሉንም «ኮማ» ይሉታል፤ ብዙው መደናገር የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

በጥልቅ ኮማ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያያል ተብዬ ስጠየቅ የምሰጠው መልስ ጠያቂዎቼን ቅር ያሰኛቸዋል። እስከምናውቀው ድረስ፣ ምንም። ጨለማ እንኳ አያይም፤ ጨለማም የሚያየው ይፈልጋልና።

ታዲያ ነቅተው የሚተርኩትስ? ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጡ ሰዎች ተይዘው እንደ ታሰሩ፣ ውኃ ውስጥ እንደ ሰጠሙ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሩቅ አገር እንደ ተጓዙ ይናገራሉ። አይዋሹም። ሆኖም ከእነዚህ ትዝታዎች አብዛኛዎቹ የሚመጡት ከኮማው ዳርቻ ነው፤ ጥልቀቱ ሲሳሳ፣ ማስተኛ መድኃኒቱ ገና ሳይለቅ፣ ትኩሳቱም ሳይበርድ። በከፊል የነቃው አንጎል በጉሮሮ ያለፈውን የመተንፈሻ ቱቦ መታነቅ ያደርገዋል፤ ቱቦውን እንዳይነቅል እጁ የታሰረበትን ጨርቅ እግር ብረት ያደርገዋል። የጊዜ ስሜት ስለ ጠፋም የሁለት ቀን ቅዠት የሦስት ሳምንት ባዶነትን ይሞላል። አንዳንዱ ከዳነ በኋላ ለወራት ከዚህ ጋር ይታገላል፤ ቤተሰቡም «ተርፈሃል፣ ተመስገን በል» እያለ ዝም ያሰኘዋል። በስካንዲናቪያ አገሮች ነርሶችና ዘመዶች በአልጋው አጠገብ የዕለት ማስታወሻ ይጽፉለታል፤ ሰውየው ሲያገግም በእርግጥ የሆነውን ከቅዠቱ እንዲለይበት ነው። አስታማሚ ከደጅ በማይጠፋበት በእኛ አገር ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። ቴስዴልና ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የግላስጎው መለኪያ ዐይንን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን መዝኖ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ሦስቱም የሚለኩት ከሰውየው የሚወጣውን ነው። ሰምቶ፣ ተረድቶ፣ ነገር ግን መልስ የሚያወጣበት በር የተዘጋበትን ሰው ከማይሰማው አይለዩትም።

በካምብሪጅ የነበረው አድሪያን ኦዌን ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በር ለማለፍ ሞከረ። በመኪና አደጋ ተጎድታ ለአምስት ወራት ምንም ምላሽ ያልሰጠች የ23 ዓመት ወጣት በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ እንዳለች ቴኒስ እየተጫወተች እንደ ሆነ እንድታስብ፣ ቀጥሎም በቤቷ ክፍሎች ውስጥ እንድትዘዋወር በሐሳብ ተጠየቀች። በመጀመሪያው ትእዛዝ እንቅስቃሴን የሚያቅደው፣ በሁለተኛው ቦታን የሚያስታውሰው የአንጎሏ ክፍል ሠራ፤ እንደ ጤነኞቹ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። «ቴኒስ» የሚለው ቃል ብቻውን አንጎሏን ቀስቅሶ ይሆናል ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ምላሹ ለ30 ሰከንድ ያህል፣ እረፊ እስክትባል ድረስ ቀጥሎ ነበር፤ ቃል በራሱ ይህን ያህል አያቆይም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በካምብሪጅና በሊዬዥ ከታዩት 54 ሕመምተኞች 5ቱ በዚህ መንገድ አእምሯቸውን በትእዛዝ ማሠራት ቻሉ፤ አንዱም ቴኒሱን ለ«አዎ»፣ ቤቱን ለ«አይ» አድርጎ ስለ ቤተሰቡ ጥያቄዎችን መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ካናዳ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ «ያምሃል?» ተብሎ ተጠየቀ። የሰጠው መልስ «አይ» ነበር። ከዐሥር ዓመት በላይ ማንም ሊጠይቀው ያልቻለውን ጥያቄ ነው የመለሰው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ሰፊ ጥናት በሚታይ መንገድ ትእዛዝ መፈጸም ካልቻሉት 241 ሰዎች 60ው፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በአንጎላቸው ይፈጽሙት ነበር። ይህን ስንሰማ ተስፋችንን አናብዛ፤ ብዙዎቹ ከጉዳታቸው ወራት ያለፏቸው ነበሩ፣ ጥልቅ ኮማ ውስጥ ስላለ ሰውም ከዚህ ብዙ ማለት አይቻልም። በዚያው ጥናት ሌላም ቁጥር አለ፤ ለእኔ ይህኛው ይበልጥ ያስደነግጣል። ትእዛዝ ሲፈጽሙ በዐይን ከታዩት 112 ሰዎች መካከል መሣሪያው ምላሽ ያገኘው በ43ቱ ብቻ ነበር። መሣሪያው ዝም ማለቱ፣ በውስጥ የሚሰማ ሰው የለም ለማለት አያበቃም።

ስለዚህ በዕለታዊው የሐኪሞች ዙር ጊዜ በአልጋው ግርጌ ቆሞ «ይህ አይተርፍም» ማለትን እንደ ልማድ የያዝን ሐኪሞች ያን ንግግር ከክፍሉ ውጭ ማድረግ ይጠበቅብናል። ምርመራውም አንድ ጠዋት ታይቶ የሚዘጋ አይደለም፤ ማስተኛው መድኃኒት ከለቀቀ በኋላ በተለያየ ሰዓት ይደገም። ወደ ሕመምተኛው ስንቀርብ ስሙን እንጥራ፣ የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደ ሆነ እንንገረው፣ መርፌ ከመውጋታችን በፊት እናስጠንቅቀው። አንዲት እናት በኮሪደሩ ይዛን «ልጄ ይሰማኛል ወይ?» ብትለን፣ «አይሰማሽም» የሚለውን የሚያረጋግጥ መለኪያ በእጃችን የለም፤ «ይሰማሻል» የሚለውንም እንዲሁ። እኔ የምላቸው «እማማ፣ ገብተው ያነጋግሩት» ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።