ትኩስ ሲኒ፣ ደረቅ ሳህን

እሷ፦ ቶሞካ ካፌ በ1953 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ፒያሳ ቡናውን ቆሞ የሚጠጣ ሰው አጥታ አታውቅም። የካፌዎቹን ማሽን አናት ልብ ብለህ ታያለህ? ሲኒዎቹ እዚያ ተደርድረው ይሞቃሉ። ሙቀቱ ነው የሚያደርቃቸው።

እሱ፦ የቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ማሽንስ? ብዙ ሰው «እርጥብ አድርጎ ያወጣብኛል» ይላል።

እሷ፦ አብዛኞቹ በዚያው መንገድ ነው የሚሠሩት። የመጨረሻው ውሃ ሳህኑን ያግለዋል፤ እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለው የማሽኑ ግድግዳ ላይ አርፎ ይወርዳል። ፕላስቲክ ሙቀት ስለማይይዝ ነው እርጥብ የሚቀረው። ሲያልቅ በሩን ገርበብ ማድረግ ይረዳል።

እሱ፦ እሺ። ቀድሞ በውሃ ማለቅለቅስ?

እሷ፦ ትርፍራፊውን ጠርጎ መጣል ይበቃል።

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም! ሽሮ ካደረ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚይዘው።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ያደረው ይዘፍዘፍ። ሳህኖቹ ሳይደራረቡ ፊታቸውን ውሃው ወደሚረጭበት ያዙሩ። ከታች ያለው ማጣሪያም ይታጠብ፤ የእንጀራ ፍርፋሪ የሚከማቸው እዚያ ነው።

እሱ፦ ጀበናና ሸክላ ድስትስ?

እሷ፦ በፍጹም! ሸክላ ሳሙናውን ይመጥጥና ኋላ ወጡ ውስጥ ይተፋዋል።

እሱ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርስ?

እሷ፦ በመጣበት ቀን ማሽኑን ሞልቶ ማስነሳት። ግማሹን ብቻ ጭኖ ማጠብ ውሃውንም መብራቱንም ይበላል።