የማሪኖ የወይን በዓል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተነገረ)



ለትምህርት ጉብኝት ወደ ሮማ ሄደን የነበርን ስምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ካየነው መርጠን እንድንናገር ስንጠየቅ፣ ታላላቆቹን ሕንጻዎች ትተን ስለ አንዲት የገጠር ከተማ የመኸር በዓል ለመናገር ተስማማን። ሕንጻዎቹንማ በሥዕል ታውቋቸዋላችሁ።

ከተማይቱ ማሪኖ ትባላለች። ከሮማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኮረብታ ላይ ትገኛለች፤ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ምድሩ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ነው። በአጠገቡ ያለው የአልባኖ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ስለ ሆነ ቢሾፍቱን አስታወሰን። በዚህ አፈር የሚበቅለው ነጭ ወይን የአገሩ ኩራት ነው።

በዓሉ የሚውለው በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ በእኛ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ማለት ነው። የጀመረውም ሊዮኔ ቺፕሬሊ የተባለ ባለቅኔ በ1925 ነው (የምንጠራው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በየሰገነቱ የወይን ዘለላ ተንጠልጥሏል፤ በየመንገዱ አሳማ ሙሉውን ተጠብሶ ይሸጣል። ከመካከላችን ማን እንደ ቀመሰ እንዳንናገር ተማምለናል። ለጾመኛው ግን በወይን ጭማቂ የተጋገረ ቀለበት መሳይ ብስኩት ነበረለት።

ከዚያ በከበሮና በሰንደቅ ዓላማ የታጀበ ሰልፍ መጣ። ይኸውም ማርካንቶኒዮ ኮሎና የተባለው መስፍን በ1571 በሌፓንቶ ባሕር ቱርኮችን ድል አድርጎ መመለሱን የሚያሳይ ነው። ሐሩ ያማረ ነበር። ነገር ግን ወይኑን የለቀመውን ገበሬ በሰልፉ ውስጥ ብንፈልግ አጣነው፤ ይህ ለመኸር በዓል ጉድለት ይመስለናል።

ከሰልፉ በኋላ በአደባባዩ ካለው የድንጋይ ምንጭ በውሃ ፈንታ ወይን ወረደ! በ2008 ቧንቧው በስሕተት ስለ ተገጠመ ወይኑ ወደ ሰው ቤት ሄዶ፣ የቤት እመቤቶች ቧንቧ ሲከፍቱ ወይን ቀዱ ይባላል። ሕዝቡ ብርጭቆውን እየዘረጋ ሲጋፋ እኛ ግን ቀና ብለን ዐምዱን አየን። ምንጩ የአራቱ ሞሮች ምንጭ ይባላል። ሞር የሚሉት የሰሜን አፍሪቃውን ሰው ነው፤ አራቱም በዐምዱ ላይ እንደ ምርኮኛ ታስረው ተቀርጸዋል። ጨዋታችን ቆመ።

በዚህ ጊዜ እጁ እንደ ሥር የጠነከረ አንድ ሽማግሌ ዘለላ ይዞ ቀረበንና ከየት እንደ መጣን ጠየቀን። በተማርናት ጥቂት ጣልያንኛ ከኢትዮጵያ ነን አልነው። ዝም አለ። ቆይቶ፣ የአባቱ ወንድም በ1935 ወደ አገራችን ተልኮ እዚያው እንደ ቀረ ነገረን። ከመካከላችን ደግሞ የአንዷ ቅድመ አያት በ1936 ማይጨው ላይ የወደቁ ናቸው፤ ይህንንም ነገረችው። በኋላ በቀን መቁጠሪያ ብናሰላው፣ የኢጣልያ ጦር ዐድዋ የገባው ኦክቶበር 6 ቀን 1935 ነው፤ ያም የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነበር።

አጎትዎ ወታደር ሳይሆኑ በፊት ሥራቸው ምን ነበር? ብላ ጠየቀችው። ወይን ለቃሚ ነበር አላት። ዘለላውን ሲሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ በባቡርም ለስምንት ተካፈልነው።