ከመስመሩ ውጭ የቆመ ወላጅ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የመጋላ ወላጅ ያደረጉት ንግግር)





በዚህ የበዓል ቀን ከወላጆች መካከል ተመርጬ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር ታስቦ እንደ ሆነ ግን ያንን እዚህ የተቀመጡት መምህራን ከእኔ አብልጠው ያውቁታልና ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔ የምናገረው በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ስለሚደረገው የተማሪዎች የሩጫ፥ የዝላይና የውርወራ ውድድር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ስለ ተወዳዳሪው ሳይሆን፥ ከኖራው መስመር ውጭ ቆሞ ልጁን ስለሚመለከት ወላጅ ነው። ስለ ሯጮች ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሯጭ አባትና እናት ግን ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

ድሬዳዋ የኳስ አገር መሆንዋን ማንም አይክደንም። በ1950ዎቹ ዓመታት ጥጥ ማኅበር ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሲሚንቶም ዋንጫውን ወደዚችው ከተማ አምጥቶታል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲደረግ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተጫወተው በዚሁ በድሬዳዋ ነበር። ናይጄሪያ፥ ሞሮኮ፥ ሱዳንና ያን ጊዜ ዛየር ትባል የነበረችው ኮንጎ እዚህ ተጫውተዋል፤ በመጨረሻም ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ከዚህ ምድብ ያለፈች ነበረች። ስለዚህ የከተማችን ሰው ጨዋታ ማየት ያውቅበታል። መጮህም ያውቅበታል። ኳስ ሲያይ «አቦ፥ ስጠው እንጂ!» ብሎ የማይጮህ ሰው ከተገኘ ትናንት በባቡር የደረሰ እንግዳ መሆን አለበት።

ነገር ግን የኳስ ጨዋታን ማየትና የገዛ ልጅን ብቻውን ቆሞ ሲወዳደር ማየት አንድ አይደሉም። በኳስ ጨዋታ ልጁ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። ቢሳሳት ጥፋቱ ይከፋፈላል፤ ጓደኛው ይሸፍንለታል፤ ጨዋታው ራሱ ይዞት ይሄዳል። በዝላይና በውርወራ ግን ስሙ ይጠራል፤ ብቻውን ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ይመለከታል፤ ያደረገውም ነገር በሜትርና በሳንቲ ሜትር ተለክቶ ይጻፋል። 30 ሳንቲ ሜትር ካነሰ 30 ሳንቲ ሜትር አንሷል፤ በማን ያሳብባል? እኔ ለአካለ መጠን የደረስኩ ሰው ሆኜ እንኳ እዚህ መድረክ ላይ ብቻዬን ስቆም ጉልበቴ እንዴት እንደ ሆነ ከፊት የተቀመጣችሁት ሳታዩት አልቀራችሁም።

እንዲህ ያለው ውድድር በሌላውም ዓለም አለ። በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል፥ ትንሽና ጠንካራ ኳስ እየወረወሩ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ በጣም ይወደዳል። በፔንሲልቬንያ ግዛት፥ ዊልያምስፖርት በምትባለው ከተማ፥ ካርል ስቶትዝ የተባለ ሰው በ1931 ዓ.ም. ይህን ጨዋታ ለልጆች በሚስማማ ልክ አሳንሶ የልጆች ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም ዛሬ ከአሜሪካ አልፎ በብዙ አገሮች ይገኛል። ዱላና ኳስ እንኳ ለእኛም ከገና ጨዋታ የተነሣ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ልጆች ያለ ቡድን አንድ በአንድ እየቀረቡ በሦስት ነገር ብቻ የሚፈተኑበት ውድድር አለ፤ ይኸውም ኳስ ወርውሮ ዒላማ መምታት፥ በማስቀመጫ ላይ የቆመችውን ኳስ በዱላ መትቶ ማራቅና በሰዓት እየተለኩ መሮጥ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ተደምሮም አሸናፊው ይለያል። ተቃራኒ ወርዋሪ የለም፤ ኳሷ ቆማ ትጠብቀዋለች። እንዲያውም ይህ ከሁሉ የሚያስፈራው ይመስለኛል፤ የቆመችን ኳስ የሳተ ልጅ ምን ይላል?

በዚያው አገር ከልጆቹ ይልቅ ያስቸገሩት ወላጆቹ ናቸው ይባላል። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ዳኛ የሚሳደብ፥ ልጁን በጩኸት የሚያዝ ወላጅ ስለበዛ፥ አንዳንድ የልጆች ስፖርት ማኅበራት ወላጅ ሁሉ አንዲት ቃል ሳይናገር የሚመለከትበትን ቀን እስከ መወሰን ደርሰዋል። እንግዲህ ጩኸት የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ሜዳ ልመለስ። ዘንድሮ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በርዝመት ዝላይ ተወዳድራለች። ውድድሩ የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት ዝላይ ነበረው። በመጀመሪያው ዝላይ እግርዋ ከመነሻው ጣውላ አለፈና ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሡ። በሁለተኛው 3 ሜትር ከ40 ዘለለች። በሦስተኛው 3 ሜትር ከ62። ከተወዳዳሪዎቹ አምስተኛ ወጣች።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ቁጥሩን አይደለም። ሦስት ጊዜ ስትዘል ሦስቱንም ጊዜ ከአሸዋው እንደ ተነሣች መጀመሪያ ያየችው ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ እኔ ነው። መለኪያው ገና አልተዘረጋም፤ ባንዲራውም ገና አልተነሣም። ቀይ ይሁን ነጭ ከእኔ ፊት ላይ ልታነበው ፈለገች። ሌሎቹንም ልጆች ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ተመለከትኋቸው፤ ወላጁ የመጣለት ሁሉ እንደዚያው ያደርጋል። ወላጁ ያልመጣለትም እንኳ ዓይኑን በሰው መካከል አንድ ጊዜ ካዞረ በኋላ ነው ወደ ዳኛው የሚመለሰው። የልጁ የመጀመሪያ ዳኛ እኛ ነን ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ባንዲራ አልያዝንም፤ ያለን ፊታችን ብቻ ነው።

ልጄ ወደ እኔ መጥታ «አባ፥ አየኸኝ?» አለችኝ። አየሁሽ አልኋት። ስንተኛ እንደ ወጣች የጠየቀችው ውሃ ከጠጣች በኋላ ነበር።

መዝለልን የተማረችው በደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። መጋላንና ከዚራን የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው አሸዋ ስለሆነ ለልጆቻችን ሜዳ ማለት እርሱ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በአንድ ሌሊት ምን እንዳደረገ የምናስታውስ ወላጆች ግን፥ ልጆቹ እዚያ ሲጫወቱ እኛ ሰማዩን በደንገጎ በኩል እናያለን። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ሊዘንብ ይችላልና። ልጆቹ ይህን ፍርሃታችንን እንደ ንዝንዝ ይቆጥሩታል። ትምህርት ቤቱ በግቢው ውስጥ የመዝለያ አሸዋ ማዘጋጀቱ ስለዚህ ለእኔ ከስፖርት በላይ ነው።

በአሎሎ ውርወራው በኩል ደግሞ አንድ አባት አጠገቤ ቆመው ነበር። ልጃቸው የመጀመሪያውን ወርውሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የደረሱት። ከዚያ በኋላ «ክንድህን! ክንድህን አንሣ! እግርህን ምን ያንቀጠቅጠዋል?» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ልጁ በክቡ ውስጥ ቆሞ አሎሎውን አንገቱ ሥር እንደ ያዘ የሚያየው ሊወረውርበት ያለውን ሜዳ ሳይሆን አባቱን ነበር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው አነሰ።

እኚህን ሰው ልነቅፋቸው አልተነሣሁም። ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ሰው ናቸው፤ የማይወድ አባት ሱቅ አይዘጋም። ጩኸቱም የመጣው ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ክንድን ስለ ማንሣት የሚያስተምሩ የስፖርት መምህር አሉ፤ እርሳቸውም ያን ሰዓት ዝም ብለው ነበር፤ ምክንያቱም የማስተማሪያው ጊዜ አልፏል፤ አሎሎው በልጁ እጅ ነው።

ወላጅ በሁለት በኩል ሲሳሳት አያለሁ። የቀድሞው ስሕተት «ሩጫ እንጀራ አይሆንም» ማለት ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አጠገብ ካለው ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ደብተሩን ይዞ በየቀኑ ይሮጥ እንደ ነበር ዓለም ያውቃል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ሰው ክንድ ይታጠፍ ነበር። አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። የአሁኑ ስሕተት ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ኃይሌ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ወርቅ ካመጣ ወዲህ፥ ልጁ አንድ ጊዜ አንደኛ የወጣለት አባት ሁሉ የቤቱ ፎቅ ሲሠራ ይታየዋል። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «ያን ሁሉ ወተት ያጠጣሁህ ለዚህ ነው?» ብሎ የሚገሥጽ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ለመፍረድ ይቸግረኛል፤ የመጀመሪያው ግን ቢያንስ ልጁን በሩጫው ጊዜ ብቻውን ይተወዋል።

ስለ እናቶችም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዘንድሮው ውድድር ከመጡት ወላጆች እናቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምክንያቱ አለመውደድ አይደለም። የብዙዎቹ ተማሪዎች እናቶች በቀፊራና በአሸዋ ገበያ የሚነግዱ ናቸው፤ ማለዳ ደግሞ የገበያ ሰዓት ነው። ቲማቲምዋን በማለዳ ያልሸጠች ሴት በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ ምን ትሸጣለች? ዓርብን ለሰላት፥ እሑድን ለቤተ ክርስቲያን ትተን፥ ውድድሩ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ቢሆን ፀሐዩም ይበርዳል፤ እናቶችም ይመጣሉ። ክቡር ርእሰ መምህር ይህን እንዲያስቡበት በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን የምለው በተለይ ስለ ሴቶች ልጆች ነው። በሰፈራችን «ሴት ልጅ በሰው ፊት ትዘላለች እንዴ?» የሚል ሰው ዛሬም አልጠፋም። እናትዋ ወይም አባትዋ በመስመሩ ዳር ቆመው ካዩአት ግን ያ ሰው ዝም ይላል፤ የሚጠይቀው ሰው እዚያው ቆሟልና። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ስትወስድ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አገራችን ስንት ሴት ሯጮች እንዳፈራች ተማሪዎች ከእኔ በተሻለ ትቆጥራላችሁ። ስለ አለባበስም ቢሆን ረጅም ሱሪ ለብሳ፥ ፀጉርዋን ሸፍና የምትዘል ልጅ መሬቱ እንደ ማንም ይቀበላታል። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር እንኳ በ2006 ዓ.ም. ሂጃብ ለብሶ መጫወትን ፈቅዷል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለሩጫ የሚመች ሰፊ ሱሪ የፈለገች ተማሪ ጨርቁን ይዛ ብትመጣ የእጅ ዋጋ አልጠይቃትም።

ተማሪዎች ሆይ፥ ለእናንተም የምለው አለኝ። ብዙዎቻችሁ የውድድሩን ቀን በቤት አትናገሩም። ብሸነፍስ ብላችሁ ነው፤ ወይም ወላጆቻችሁ በጓደኞቻችሁ ፊት እንዳያሳፍሯችሁ ነው። አባቴ ሽርጡን አገልድሞ ቢመጣስ የምትሉም አላችሁ። ንገሩን። ከጮኽንም «ዝም በሉ» በሉን፤ በትሕትና ከተነገረን እንሰማለን።

ለመምህራን ያለኝ አሳብ ስለ መዝገቡ ነው። አሁን የሚጻፈው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስም ብቻ ነው። ልጄ አምና በሰፈር ሜዳ የዘለለችው 3 ሜትር ከ31 ነበር፤ ዘንድሮ 3 ሜትር ከ62 ዘልላለች። በአንድ ዓመት 31 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ይህ ግን ከእኔ ደብተር በቀር የትም አልተጻፈም። የሁሉም ተማሪ ልክ በየዓመቱ በስሙ ቢመዘገብ፥ አሥረኛ የወጣውም ልጅ ከአምናው ራሱ ጋር የሚወዳደርበት ነገር ያገኛል፤ ወላጁም ከውድድሩ በኋላ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሳይሆን ስለ ገዛ ልጁ የሚያወራበት ነገር ይኖረዋል።

ለመመዝገብ ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። ዘንድሮ የነበረው መለኪያ ሜትር 5 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፥ ለአሎሎ ሁለት ጊዜ፥ ለጦር አምስትና ስድስት ጊዜ እየተቀጠለ ተለካ። በየመቀጠያው አንድ ጣት ወይ ይጨመራል ወይ ይጎድላል፤ ይህን ልብስ ሰፊ ያውቀዋል። የእኔን ሜትር እንዳላውስ ደግሞ እርሱ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ለደረትና ለወገብ እንጂ ለጦር አይደርስም። ስለዚህ ወላጆች ተዋጥተን አንድ ባለ 50 ሜትር መለኪያ ለትምህርት ቤቱ እንግዛ። የመጀመሪያውን ገንዘብ እኔ አውጥቼ ለወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ አስረክቤአለሁ፤ ከዚህ ስንወጣ ገንዘብ ያዡ ከበሩ አጠገብ ደረሰኝ ይዘው ይቆማሉ፤ እኔም አብሬአቸው እቆማለሁ።