ስለ ኢዮቤልዩና ስለ ቡና ሚዛን
በደብሩ የአምሳኛ ዓመት በዓል የተደረገ ንግግር



ዛሬ እልልታውና ዝማሬው ደምቋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ኢዮቤልዩ የሚለውን ስም የወሰድነው ከኦሪት ነውና፥ ከስሙ ጋራ ትእዛዙንም መውሰድ ይገባናል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ አምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ በድህነት የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በችግር ራሱን የሸጠ ወንድምም ወደ ወገኖቹ ይገባል። ስለ ገበያም ትእዛዝ አለበት፤ መሬት የሚሸጥና የሚገዛ ሰው እስከ ኢዮቤልዩ የቀሩትን የመከር ዓመታት ቈጥሮ ዋጋውን በዚያ ልክ እንዲያደርግ፥ ባልንጀራውንም እንዳያታልል ታዟል። እንግዲህ በዓሉ ያለ ሒሳብ አይከበርም።

ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን ሳለ ሀብትን ትቶ ጥበብን እንደ ለመነ ሁላችን እናውቃለን። ለምን እንደ ለመናት ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። የለመናት በሕዝቡ መካከል በቅን ለመፍረድ ነው። ወዲያውም ጠበቃና ወገን የሌላቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተካሰው በፊቱ ቆሙ። ያች ከሰማይ የተሰጠች ጥበብ መጀመሪያ የሠራችው ሥራ የአንዲትን ምስኪን ልጅ ማስመለስ ነበር።

ይህ አገራችን የገበያ አገር ነው። ጅማ በቀድሞው ዘመን ሂርማታ በሚባለው ታላቅ ገበያዋ የታወቀች ነበረች፤ በዚያም ቡና፥ ማርና ዝባድ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ በሰው መነገድ ያተረፈው ሰው ብልህ ይባል ነበር።

የቡናን ዋጋ የምንቈርጠው እኛ አይደለንም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በብራዚል ውርጭ ወርዶ ዛፉን ባቃጠለ ጊዜ ዋጋው በዓለም ሁሉ ወጣ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከአምሳ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ፤ በዚያም ዘመን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ አለ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአራት ዶላር በላይ ሆነ። በዚህ ላይ ቤቱን የሚሠራ ሰው በአሸዋ ላይ መሥራቱን ይወቅ።

ከውርጩ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፥ በ1963 ዓ.ም. ገደማ፥ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። ፍሬው በዛፉ ላይ ሳለ እየጠቈረ ሲረግፍ ባለጠጋውን ከድኻው አልለየም፤ ገንዘብ ቢቈለልም ዛፉን አላዳነውም። ያዳነው ትጋት ነው። በመልኮ ያሉት የምርምር ሰዎች በታመሙት መካከል ሳይታመም የቆመውን ዛፍ አንድ በአንድ እየፈለጉ ዘሩን አባዙ። ዛሬ 74110፥ 74112 እያላችሁ የምትጠሩት ቡና ከኢሉባቦር ከመቱ በኩል እንዲህ ተፈልጎ የተገኘ ነው፤ 74 ማለትም ዛፉ የተመረጠበት ዓመት፥ በፈረንጅ አቈጣጠር 1974 ነው። መድኃኒቱ በገዛ ጫካችን ነበረ፤ የታጣው ፈላጊው ነበር።

ዋጋው በእጃችን ካልሆነ በእጃችን ያለው ምንድን ነው? ሚዛኑ ነው። እኔም በጕብዝናዬ ቡና ሰብሳቢ ነበርሁ። ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደ ሆነ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ በእኔ ሚዛን ግን 18 ነበረ። አንዲት መበለት ጀንፈሏን በጆንያ ተሸክማ መጣችና፥ «ልጄ፥ እቤቴ ለክቼዋለሁ፤ ይጐድላል» አለችኝ። «በምን ለኩት እማማ?» ብዬ ሳቅሁ። «በቁና» አለችኝ። የእርሷ ቁና ከእኔ ሚዛን ይልቅ እውነተኛ ነበረ። እኔም ያን ጊዜ አውቄዋለሁ፤ ገንዘቧን ግን አልመለስሁም። ዓመት ሳይሞላ ዐረፈች፤ ወራሽም አልነበራትምና የምመልስለትን ሰው አጣሁ። ለነዳያን መጽውቻለሁ፤ ቢሆንም ገንዘቡ የእርሷ ነበረ።

ዛሬም በነሐሴ ጓዳ ሲጐድል ገበሬው ገና ያልቀላውን ቡና በዛፉ ላይ ሳለ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ብዙ ጊዜ ከእኛው አንዱ ነው። ከዚያ ትርፍ ለታቦቱ ጃንጥላና መጋረጃ እናገባለን፤ የቆሎ ተማሪው ግን በዚያው ሰሞን ስልቻውን ይዞ ከዚያ ከሻጩ ደጅ ይቆማል፤ ሻጩም ካለችው ይሰጠዋል። (መጋረጃውን የሰጡትን አልነቅፍም፤ አንዱን እኔ ሰጥቻለሁ።)

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያችን ሁለት ነገር አመለክታለሁ። በዚህ ክረምት ቡና በዛፉ ላይ የገዛ ሰው ቢኖር፥ በመከሩ ጊዜ ሻጩንና የንስሓ አባቱን ይዞ፥ በዕለቱ ዋጋ እንደ ገና ይተሳሰብ። ሁለተኛም፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ በውጭው ቅጥር በር አጠገብ አንድ የታመነ ሚዛን ይቁም፤ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ጆንያውን ወደ ገበያ ሳይወስድ በነጻ ይመዝንበት። ሚዛኑን እኔ እገዛለሁ፤ የሚጠብቀውን ሰው ካህናቱ ይምረጡ።